ወገቡ የመሰከረበት ጉንዳን

እንጦጦ ማርያም ቅጥር ግቢ የገባ ሰው የረገጠውን ድንጋይ ልብ አይለውም። ዓይኑ የሚሄደው ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ዘውድ ወደ ደፉበት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ጋራው ሥር ወደ ተነጠፈችው አዲስ አበባ ነው። ድንጋዩ ግን የሁሉም ታላቅ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት ዕድሜውን 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያደርሱታል። ጋራው ውኃም ይከፍላል፤ በደቡብ ገጹ የወረደ ዝናብ አዋሽ ይገባል፣ በሰሜን ገጹ የወረደው ዓባይ።

በዚሁ በዓባይ በኩል ወደ ሰሜን የዘለቀ መንገደኛ የጀማን ገደል ወርዶ ሲወጣ መርሐቤቴ ይደርሳል። ከዓለም ከተማ አካባቢ፣ ከወንጪት ወንዝ ሸለቆ፣ አምበር ይወጣል። አምበር ከዛፍ ፈስሶ፣ አፈር ለብሶ፣ በዘመን ብዛት የጠነከረ ሙጫ ነው። በእንጦጦ ማርያም ጽና ላይ የሚጤሰው ዕጣንም የዛፍ ሙጫ ነውና ዘመዳሞች ናቸው። የወንጪቱ ሙጫ የፈሰሰው ግን እንጦጦ ገና እሳት ይተፋ በነበረበት ዘመን አካባቢ ነው። ከዚያ አምበር በአንዲት ቁራጭ ውስጥ የአሥራ ሦስት ትንንሽ ፍጥረታት አካል ተይዞ ተገኘ። ጉንዳኖች ናቸው። ዝርያው ስም የወጣለት ደግሞ ጉንዳን አጥኚዎች ብዙ ጊዜ በማይወዱት ጾታ፣ በወንዱ ነው።

ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት አምበሩ ራሱ ያደረሰውን ስሕተት እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ2010 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው አሌክሳንደር ሽሚት ከብዙ ባልደረቦቹ ጋር ስለ ወንጪት አምበር ሰፊ ጥናት አሳተመ፤ ዕድሜውንም 95 ሚሊዮን ዓመት አለው። ዳይኖሰሮች በምድር ላይ በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። ከተገኙት ነፍሳት መካከል ጉንዳን ስለነበረ ሰሜን ሸዋ በአንድ ጊዜ ከዓለም ጥንታዊ የጉንዳን መገኛዎች ተርታ ገባች። በዚያው ጥናት ውስጥ ግን አንድ የሚጎረብጥ ነገር ነበር። የሙጫው ኬሚካላዊ ባሕርይ የሚመስለው የአበባ አፍሪ ዛፍን ሙጫ ነው፤ በዚያን ያህል ጥንታዊ ዘመን የሚታወቀው አምበር ግን በአብዛኛው የጥድ ወገን ከሆኑ ዛፎች የፈሰሰ ነው። ተመራማሪዎቹም አይተውታል፤ ምናልባት ያልታወቀ ዛፍ ይሆናል ብለው አለፉት። ኋላ ፈረንሳዊው ቬንሳን ፔሪሾና ባልደረቦቹ ጉዳዩን እንደገና ከፈቱት። በ2018 ያወጡት ጥናት ከአምበሩ ጋር የተገኘውን የአበባ ብናኝ መርምሮ ዕድሜውን ማዮሲን በሚባለው ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ፣ አስቀመጠው። ከሰባ ሚሊዮን ዓመት በላይ በአንድ ጊዜ ተቀነሰ።

የተቆጨ አይጠፋም። በእኔ ሚዛን ግን አምበሩ ዕድሜ ሲያጣ ጥቅም አገኘ። የ95 ሚሊዮን ዓመት ጉንዳን ለመላው የጉንዳን ዘር የሩቅ ቅድመ አያት ነው፤ የ20 ሚሊዮኑ ግን ዛሬ እንጦጦ ላይ ድንጋይ ሥር ከምናገኛቸው ጋር ፊት ለፊት ሊወዳደር የሚችል፣ ዘመዶቹ በሕይወት ያሉ ጉንዳን ነው። ከአፍሪካ የዚያን ዘመን ነፍሳት እንዲህ አድርጎ ያቆየ አምበር ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

ለመሆኑ ጉንዳን በምን ይለያል? እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ነውና የጉንዳን ዓይነት እንደ ቆላው አይበዛም፤ ቢሆንም ጸሐይ የሞቀው ድንጋይ ሲገለበጥ ባዶ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። አንዷን ሠራተኛ ይዛችሁ በአጉሊ መነጽር እዩ። መጀመሪያ አንቴናዋ። ሥሩ ላይ አንድ ረጅም አንጓ አለ፣ ከዚያ እንደ ክንድ ይታጠፍና ትንንሾቹ አንጓዎች ይከተላሉ። ቀጥሎ ወገቧ። ብዙ ሰው የጉንዳን አካል ራስ፣ ደረት፣ ሆድ ብሎ ይቆጥራል፤ ነገሩ ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል። ደረት የምንለው ክፍል የሆድን አንደኛ አንጓ ከኋላው ጠቅልሎ ይዟል። ወገቡ የሚሆነው የሆድ ሁለተኛው አንጓ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ተሰርስሮ ለብቻው ጉብ ያለ ነው። በአንዳንዶቹ ሦስተኛው አንጓም እንዲሁ ተለይቶ ወገቡ ባለ ሁለት ጉብታ ይሆናል። ጉንዳን በጠባብ ጎሬ ውስጥ ሆዷን ወደ ፊት አጥፋ መንደፍ ወይም አሲድ መርጨት የምትችለው በዚህ ወገብ ነው። ከደረቷ ግርጌ በግራና በቀኝ ደግሞ ተሕዋስያንን የሚገድል ፈሳሽ የሚያመነጭ እጢ አለ። በአንዳንድ ዝርያዎች ቢጠፋም ይህ እጢ ከጉንዳን ውጪ በሌላ ነፍሳት ላይ አይገኝም።

ምደባው የሚካሄደው እንዲህ ባሉ ነገሮች ነው። ጉንዳን ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው፣ ፎርሚሲዴ። ቤተሰቡ ወደ ንዑስ ቤተሰብ፣ ከዚያ ወደ ነገድ፣ ወደ ወገን፣ በመጨረሻም ወደ ዝርያ ይወርዳል፤ እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ14,000 በላይ ናቸው። የወገቡ ጉብታ ሁለት ነው? መንደፊያ አላት ወይስ በሆዷ ጫፍ አሲድ የምትረጭበት ክብ ቀዳዳ? የአንቴናው አንጓ ስንት ነው? ጥያቄዎቹ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ቀለምና ትልቅነት ግን እምብዛም አይጠቅሙም፤ «ቀይ ጉንዳን»፣ «ጥቁር ጉንዳን» እያልን የምንለያቸው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ንዑስ ቤተሰቦች ድብልቅ ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን የሴቶቹ መታወቂያ ነው። ሠራተኛ ጉንዳን ሁሉ ሴት ነች፤ የመለያ መጻሕፍቱም የተጻፉት በእሷ አካል ላይ ነው። ወንዱ ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክንፍ አለው፣ ዓይኑ ትልቅ ነው፣ የአንቴናው ሥር ብዙ ጊዜ አጭር ስለሆነ እንደ እህቶቹ አይታጠፍም፤ ከጎሬው ወጥቶ ይበርራል፣ ይገናኛል፣ ወዲያው ይሞታል። ከእህቱ አጠገብ ቢቀመጥ ዘመዷ ነው የሚል አይገኝም። ሳይንሳዊ አሰያየምን ለዓለም ያስተማረው ካርል ሊኒየስ እንኳ በዚህ ተታሏል። በ1764 ከደቡብ አፍሪካ የመጣለትን አንድ ጸጉራም ባለ ክንፍ ነፍሳት ተርብ ነው ብሎ መዘገበው። ነፍሳቱ ግን የገብረ ጉንዳን ወንድ ነበር። ያን ቋሊማ መሰል፣ ማታ ማታ መብራት ላይ የሚወድቅ ወፍራም ፍጥረት፣ ዓይን ከሌላቸው በሰልፍ ከሚጓዙት ሠራተኞች ጋር ማን ያዛምደዋል? ዛሬም ዝርያው ዶሪለስ ሄልቮለስ ሲባል ሊኒየስ ለ«ተርቡ» ያወጣለትን ስም ይዞ ቀርቷል።

ወደ ወንጪቷ ቁራጭ እንመለስ። በ2022 ጥናቱን ያሳተሙት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ብሬንደን ቡዲኖ፣ አድሪያን ሪሽተር፣ ዮርግ ሃመል፣ ያትሴክ ሽቬዶ፣ ብዋዤይ ቦያርስኪና ቀደም ብለን ያነሳነው ፔሪሾ። መጀመሪያ ሲታይ ጉንዳኑ የት እንደሚገባ የታወቀ መስሎ ነበር። ወገቡ ረጅም ነው፤ ከወገቡ ቀጥሎ ያለው ሆድ ደግሞ መኻሉ ላይ አልተሰረሰረም። በጊዜው ሥራ ላይ የነበረውን የወንዶች መለያ ይዞ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል የመለሰ ሰው የሚደርሰው አኑሬቲኔ ከሚባለው ንዑስ ቤተሰብ ነው።

ይህ እውነት ቢሆን ትልቅ ወሬ ነበር። አኑሬቲኔ ሊጠፋ አንድ ሐሙስ የቀረው ቤት ነው። በቅሪተ አካል ብዙ ዘመዶች አሉት፤ በሕይወት ያለው ግን አንድ ብቻ፣ እሱም በስሪላንካ ደን ውስጥ የሚኖረው አኑሬተስ ሲሞኒ ነው። ስሙን በ1893 ያወጣለት ጣሊያናዊው ካርሎ ኤመሪ ነበር፤ ይህን ሰው ኋላ በሌላ የኢትዮጵያ ጉንዳን እናገኘዋለን። እንዲህ ያለ ቤት በማዮሲን ዘመን መርሐቤቴ ላይ ይኖር ነበር ማለት የጉንዳንን የስደት ታሪክ እንደ አዲስ ያስጽፋል።

ተመራማሪዎቹ አልቸኮሉም። በአንድ ቁራጭ ውስጥ የተደራረቡ አሥራ ሦስት አካላትን በተራ ማይክሮስኮፕ እስከ ውስጥ ድረስ ማየት አይቻልም፤ አንዱ ሌላውን ይጋርዳል፣ ስንጥቅና የአየር አረፋ ብርሃኑን ያጣምመዋል። ስለዚህ አምበሩ ሃምቡርግ ወደሚገኘው ዴዚ የተባለ የምርምር ማዕከል ተወሰደ። እዚያ ፔትራ 3 የሚባል ዙሪያው 2.3 ኪሎ ሜትር የሆነ ቀለበት አለ። ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ፍጥነት ጥቂት ብቻ በሚያንስ ፍጥነት ይዞሩበታል፤ ሲታጠፉም እጅግ ብርቱ ኤክስሬይ ይለቃሉ። ናሙናው በዚያ ጨረር ፊት ቀስ እያለ ሲሽከረከር ከየአቅጣጫው ሥዕሉ ይነሳል፣ ኮምፒዩተሩም ሥዕሎቹን ገጣጥሞ አካሉን በስለት እንደተቆረጠ እየገለጠ ያሳያል። ሐኪም ቤት ሲቲ ስካን የሚባለው ሥራ ነው፤ እዚህ ግን የሚታየው ነገር በሚሊ ሜትር ሺኛ ይለካል። (እንጦጦ ላይ ሩቅ ከዋክብትን የሚያዩ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በመላው አፍሪካ ግን እንዲህ ያለ የጨረር ቀለበት አንድም የለም። ወንጪት የተገኘው ጉንዳን ሃምቡርግ ድረስ የሄደው ለዚህም ነው፤ ከጥናቱ ስድስት ደራሲዎች መካከል ኢትዮጵያዊ አለመኖሩን ግን በቀለበቱ ብቻ ማመካኘት አይቻልም።)

ሥዕሉ ሲገለጥ ግምቱ ፈረሰ። የጉንዳኑ መንጋጋ ደቅቆ ቀርቷል፤ ለመንከስ የማይበቃ ቅሪት ነው። የወገቡ የመጀመሪያ አንጓም አሠራሩ እንደ አኑሬቲኔ አይደለም። ሁለቱ ምልክቶች ተደምረው የሚያመለክቱት ወደ ፖነሪኔ ነው። ፖነሪኔ ዛሬም በቆላው ዓለም በብዛት የሚገኝ፣ ሠራተኞቹ የሚናደፉና በአብዛኛው አድነው የሚበሉ ንዑስ ቤተሰብ ነው። ሠራተኞቹ ባለ አንድ ጉብታ ወገብ አላቸው፤ ከጉብታው ኋላ ሆዱ እንደገና ጠበብ ይላል። የወንጪቱ ወንድ ይህ ሁለተኛው ጥበት ስለሌለው ነው ሰው ያሳሳተው። በመልኩ አኑሬቲኔ፣ በሥጋው ፖነሪኔ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ምርመራው ወደ ትንሿ ነገር ወረደ። የፖነሪኔ ጉንዳኖች ከወገብ ጉብታቸው ሥር፣ በሆድ በኩል፣ ወደ ታች የምትወጣ ምላስ መሰል ጉጥ አለቻቸው። በአጉሊ መነጽር እንኳ ለይቶ ለማየት ዓይን መልመድ አለበት። በወንጪቱ ጉንዳን ላይ ጉጧ የለችም። ከፖነሪኔ ወገኖች ሁሉ በዚህ የሚጋራው አንድ ሕያው ወገን ብቻ ነው፣ ክሪፕቶፖኔ፤ አፈርና የበሰበሰ እንጨት ውስጥ የሚኖሩ፣ ሰው እምብዛም የማያያቸው ትንንሽ ጉንዳኖች ናቸው። ስለዚህ አዲሱ ጉንዳን ከክሪፕቶፖኔ አጠገብ ተቀመጠ፤ ግን የራሱ አዲስ ወገን፣ የራሱ አዲስ ዝርያ ሆኖ። ስሙም ዴስዮፖኔ ሄሬዮን ተባለ፤ ለዴዚና ጨረሩን ለምርመራ ላዘጋጀው ሄሬዮን ለተባለ ተቋም መታሰቢያ ነው። ወንጪት ወይም መርሐቤቴ በስሙ ውስጥ አልገቡም። የአሰያየም ሕጉ ይፈቅዳል፤ እኔ ብሆን ግን ሁለተኛውን ስም ለወንዙ እሰጥ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ብዙ ያልተወራለትን ክፍል ነው። ቡዲኖ ራሱ በ2015 የዓለም ጉንዳን ንዑስ ቤተሰቦችን በወንዶቹ አካል ለመለየት የሚያስችል የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ መለያ አሳትሞ ነበር። የወንጪቱ ወንድ መጣና በመለያው በር ገብቶ በተሳሳተ ቤት ወጣ። ስለዚህ የ2022ቱ ጥናት አዲስ ዝርያ ብቻ አላስመዘገበም፤ የወንዶቹን መለያ አርሟል፣ የአኑሬቲኔንና የፖነሪኔንም ትርጓሜ እንደገና ጽፏል። አሥራ ሦስት ደቃቅ አካላት የመላውን ዓለም መለያ አስቀየሩ ማለት ነው።

አሁን «ብርቅ» ስለሚባለው ነገር ጥቂት ልበል። ዴስዮፖኔ ከአንዲት የአምበር ቁራጭ የታወቀ ነውና ከዚህ በላይ ብርቅ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን በሕይወት ዘመኑ ብርቅ ነበር ማለት አይቻልም። ለመብረር በተዘጋጁበት ሰሞን ብዙ ወንዶች አንድ ላይ በሙጫ መያዛቸው ቢያንስ በአቅራቢያው ጎሬ እንደነበረ የሚያስገምት ነው። አንድ ጉንዳን ብርቅ የሚሆነው ቁጥሩ ስላነሰ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሚያየው ስለታጣ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ከዚሁ ከአማራ ክልል ሌላ ጉንዳን አለ።

ካርሎ ኤመሪ በ1897 ለአንድ ትንሽ ጉንዳን ስም አወጣ፤ ዛሬ ሌፒሲዮታ ካኔሰንስ ይባላል። ወገኑ መጀመሪያ አካንቶሌፒስ ይባል ነበር፤ ስሙ ቀድሞ ለሌላ እንስሳ ተሰጥቶ ስለተገኘ በሌፒሲዮታ ተተካ። ሌፒሲዮታን በአጉሊ መነጽር መለየት ይቻላል፤ እንደ ዴስዮፖኔ የጨረር ቀለበት አያስፈልገውም። አንቴናው አሥራ አንድ አንጓ ነው፣ ከብዙዎቹ በአንድ ያንሳል። የደረቱ ጀርባ መጨረሻ ላይ ሁለት ሾል ያሉ ጉጦች አሉ፣ የወገቡ ጉብታም ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ነው። መንደፊያ የለውም፤ በሆዱ ጫፍ በጸጉር ከተከበበች ቀዳዳ አሲድ ይረጫል።

ከመቶ ዓመት በላይ ስሙ መዝገብ ላይ ተቀምጦ የአኗኗሩን ነገር ብዙ ያጠናው አልነበረም። ማግዳሌና ሶርገር የተባለች ተመራማሪ የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችንን ጉንዳን ስታጠና ግን በየሄደችበት ይኸው ዝርያ ይገጥማት ጀመር። በ2017 የወጣው ጥናት ላይ ከእሷ ጋር ዋረን ቡዝ፣ ማርጋሬት ሎውማን፣ ማርክ ሞፌት፣ እንዲሁም የቤተ ክርስቲያን ደን ጥናት ሲነሳ ስሙ የማይቀረው አለማየሁ ዋሴ አሉበት። ያገኙት ነገር ያስደንቃል። ጉንዳን በተለምዶ ከሌላ ጎሬ የመጣችውን የራሷን ዓይነት እንኳ በጠረኗ ለይታ ትጣላታለች። በዚህ ዝርያ ግን ጎሬና ጎሬ ሳይጣሉ እንደ አንድ ቤት የሚኖሩባቸው ሰፋፊ መንደሮች ተገኙ፤ ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር ድረስ የተዘረጋ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር የሚመሠርቱ ጉንዳኖች በዓለም ከሃያ ብዙ አይበልጡም ይባላል። አብዛኞቹም የታወቁት በመርከብ ባሕር ተሻግረው አዲስ አገር በወረሩበት ቦታ ነው፤ በዚያም ሁሉም ከጥቂት መጤ ንግሥቶች ስለሚወለዱ የዘር ልዩነታቸው ያነሰ ይሆናል። የእኛው ግን በገዛ አገሩ ነው፣ የዘር ልዩነቱም ሰፊ ነው። ከሰው እጅ ርቆ በቆየው ደን ውስጥም አለ፤ የሚገንነው ግን ሰው ነካክቶ ባወከው ቦታ፣ በእርሻ ዳርና በመንገድ ዳር ነው። የሌፒሲዮታ ወገን የሆነ ሌላ ዝርያ በ2015 አውስትራሊያ ዳርዊን ወደብ ላይ ተገኝቶ ባለሥልጣናቱን አስጨንቋል፤ እንግዲህ የካኔሰንስም ነገር የዋዛ አይደለም።

የተጠበቀ ደንና የታወከ ቦታ ጉንዳን መለያየቱን እንጦጦ ላይ መፈተሽ ከባድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቀረው ጽድና ወይራ፣ ቀጥሎ ያለው የባሕር ዛፍ ተክል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል እንደገና እንዲያገግም የተተወው አገር በቀል ቁጥቋጦ፣ ሦስቱም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ድንጋይ ገልብጦ፣ ሠራተኞቹን አልኮል ባለበት ብልቃጥ አድርጎ፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን በእርሳስ ጽፎ ብልቃጡ ውስጥ መክተት ነው፤ ቀለም አልኮል ያጥበዋል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ወንዶቹን ማግኘት ነው። መብራት ላይ የወደቀ ወንድ የማን ልጅ እንደሆነ አይናገርም። ከዝናብ በኋላ ባለ ክንፎቹ ከጎሬው አፍ ሲወጡ ደርሶ፣ ወንዱንና ሠራተኛዋን ከአንድ ጎሬ በአንድ ብልቃጥ የያዘ ሰው ግን ለዚያ ዝርያ ሊኒየስ ያጣውን ማስረጃ ይዟል።